በረሃው ሲዘጋ፦ ዞሮ የሚሄድ ባቡርና መሃል መንገድ የሚቀር ሰው

ክረምት በገባ ቁጥር በጎጃም መናኸሪያዎች ከሚሰሙት ወሬዎች ሁሉ መንገደኛውን በአንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኘው «በረሃው ተዘግቷል» የሚለው ነው። በረሃው ማለት በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ ነው። ወሬው ሲመጣ አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል፤ «ባቡር ቢኖረን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብን» የሚል። በሌላ በኩል ማዕበል ሐዲድ ስለቆረጠ አንድ የረጅም ርቀት የመንገደኞች ባቡር በሌላ መስመር ዞሮ ሄደ የሚል ዜና ከውጭ ሲሰማ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። መሪ የሌለውና ከሐዲዱ መውጣት የማይችል ነገር እንዴት ብሎ መንገድ ይቀይራል? ባቡርም እንዲህ የሚቸገር ከሆነስ የኛ ምኞት ምን ትርጉም አለው?

ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ማየት ይጠቅማል። ባቡሩ ዞሮ ሲሄድ ማን እንደሚደርስና ማን እንደሚቀር በቅርብ ካየን፣ በረሃው ሲዘጋ ከጎጃም ሰው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ይገባናል።

ባቡር እንዴት ዞሮ ይሄዳል?

በአሜሪካ ከቺካጎ ተነስቶ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስካለችው ኤመሪቪል ድረስ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ «ካሊፎርኒያ ዜፊር» የሚባል የመንገደኞች ባቡር አለ። ከዴንቨር እስከ ሶልት ሌክ ሲቲ ባለው ክፍል የኮሎራዶን ተራሮች ሰንጥቆ ያልፋል። ይህ ክፍል በናዳ፣ በጎርፍ ወይም በጥገና ሲዘጋ ባቡሩ ወደ ሰሜን ታጥፎ በዋዮሚንግ ግዛት ሜዳ በኩል ዞሮ ሶልት ሌክ ይገባል።

ይህ የሚሆነው ብዙ ነገሮች አስቀድመው ስለተሟሉ ነው። የሁለቱ መስመሮች የሐዲድ ስፋት እኩል መሆን አለበት። ነጂው የማያውቀውን መስመር ብቻውን እንዲነዳ አይፈቀድለትም፤ ቁልቁለቱን፣ ኩርባውንና ሲግናሉን፣ ማለትም «እለፍ» ወይም «ቁም» የሚለውን የመብራት ምልክት፣ በቃሉ የሚያውቅ የዚያ መስመር ሠራተኛ አብሮት መሳፈር አለበት። መስመሩ በአብዛኛው የጭነት ባቡሮች ስለሆነ በእነሱ መካከል የማለፊያ ሰዓት ይፈለግለታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ከሆነ ደግሞ ተለዋጩ መስመርም ሽቦ የተዘረጋለት መሆን ይኖርበታል።

ዜናው ብዙ ጊዜ የማይናገረው ሌላ ነገር አለ። ከቺካጎ ተሳፍሮ ካሊፎርኒያ የሚወርደው ሰው ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። በመሃል ባሉት እንደ ግሌንዉድ ስፕሪንግስና ግራንድ ጃንክሽን ባሉ ከተሞች የሚሳፈረውና የሚወርደው ግን ባቡሩ በዚያ በኩል ስለማያልፍ ጨርሶ ባቡር ያጣል። ወይ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ወይ ጉዞው ይሰረዛል። ዙሪያ መንገድ ጫፍና ጫፍ ያለውን ያድናል፤ መሃል ያለውን ትቶት ያልፋል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ወደ ደጀን ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ዞሮ የሚሄድበት ያጣ መስመር

ተለዋጭ መስመር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ዶውሊሽ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ታይቷል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወዳሉት ፕሊመዝና ኮርንዎል የሚወስደው ዋና ሐዲድ በዚያች ከተማ ከባሕሩ ጫፍ ተጠግቶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2014 ሌሊት የመጣው ማዕበል የመከላከያ ግንቡን ሰብሮ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወሰደው። ሲነጋ ሐዲዱ ከነተሸካሚዎቹ እንደ ገመድ መሰላል ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ታየ። መስመሩ የተከፈተው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

በእነዚያ ሁለት ወራት ባቡሮቹ የሚዞሩበት መስመር አልነበራቸውም። ቀደም ሲል ግን ነበራቸው። በኦክሃምፕተን በኩል ከባሕሩ ርቆ የሚያልፍ ሌላ ሐዲድ ፕሊመዝ ይደርስ ነበር፤ አትራፊ አይደለም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1968 መሃሉ ተዘጋ። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሁለተኛው መስመር ብክነት ይመስላል። ዋጋው የሚታወቀው አንደኛው በተቆረጠ ማግስት ነው። ከማዕበሉ በኋላ ክርክሩ እንደገና ተነስቶ፣ ከኤክሰተር እስከ ኦክሃምፕተን ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ለመደበኛ የመንገደኞች አገልግሎት ተመልሷል። ከኦክሃምፕተን ወዲያ ወደ ፕሊመዝ የሚያገናኘው ክፍል ግን አብሮ አልተመለሰም።

እኛም አገር ነገሩ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ አሁን በኤሌክትሪክ የሚሠራው መስመር 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ሊሄድ ስለማይችል፣ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተጠግኖ ቢቆይ እንኳ ለአዲሱ ማዞሪያ አይሆነውም ነበር።

በረሃው ለምን ይንሸራተታል?

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። «ናዳ» ከላይ ተገንጥሎ የሚወርድ ድንጋይና አፈር ነው። «የመሬት መንሸራተት» ደግሞ መንገዱ የተቀመጠበት መሬት ራሱ ቀስ እያለ ወደ ታች መሄዱ ነው። በወሬ ሁለቱም «መንገዱ ተናደ» ይባላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። ናዳ በሎደር ተጠርጎ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ መንገዱ ይከፈታል። መንሸራተትን መጥረግ አይቻልም። የሰመጠውን ቦታ በአፈርና በአስፋልት መሙላትም በሚንሸራተተው መሬት አናት ላይ ክብደት ስለሚጨምር ችግሩን ሊያባብስ ይችላል። «በየዓመቱ ይጠገናል፣ በየዓመቱ ይበላሻል፤ ሥራው ቢጭበረበር ነው» የሚለው ጥርጣሬ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የሥራ ጥራት ችግር አይኖርም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የተንቀሳቀሰው ተራራው ከሆነ ምርጥ አስፋልትም አብሮት ይሄዳል።

ተራራው የሚንቀሳቀስበት ምክንያት በድንጋዩ ድርድር፣ ማለትም በአነባበሩ፣ ላይ ይታያል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ፣ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ወደሚለው ድልድይ የሚወርድ ሰው የምድርን ታሪክ ገጽ በገጽ እያገላበጠ ይወርዳል። አናት ላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ጥቁር ባዛልት አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው ሥር የሥነ ምድር ባለሙያዎች በከተማዋ ስም «የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን» የሚሉት ድርድር ይገኛል፤ ፎርሜሽን ማለት በአንድ ዘመንና በተመሳሳይ ሁኔታ የተነጠፈ የድንጋይ ክምችት ነው። ይህ ድርድር ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ጂፕሰም ለጀሶ የሚሆነው ነጭ ማዕድን ሲሆን ውኃ ሲያገኘው ይሟሟል፤ ሸክላማው ደግሞ ሲርስ ይለሰልሳል። ከሁሉም በታች የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ አለ።

ከባዱ ከላይ፣ ለስላሳው ከሥር ነው። በዘመናት ውስጥ ከላይ እየተሰበረ የወረደው ባዛልትና የኖራ ድንጋይ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ በለስላሳው ድርድር ላይ ተከምሯል፤ መንገዱ በብዙ ቦታ የተቆረጠው በዚህ ክምር ላይ ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ውኃው በድንጋዩ ስንጥቅና በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ለስላሳው ድርድር ላይ ሲደርስ እንደልቡ ስለማያልፍ እዚያው ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ውኃ ክምሩን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የሚያርፍበትን ገጽም ያሟልጨዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ ይስበዋል።

በአስፋልቱ ላይ ይህ የሚጀምረው የማጭድ ቅርጽ ባለው ቀጭን ስንጥቅ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀባው ነጭ መስመር ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ገደሉ ይዞራል። የብረት አጥሩ ሆዱን ያወጣል፤ በሲሚንቶ የተሠራው የውኃ መውረጃ ቦይ ይሰነጠቅና ውኃውን ወደ ወንዙ መውሰዱን ትቶ ወደ ተራራው ሆድ ያፈስሰዋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ መከላከያ ተብሎ የተሠራው ቦይ ራሱ መጋቢ ይሆናል። ስንጥቁን ለመከታተል ቀላሉ ዘዴ ግራና ቀኙ ችካል ተክሎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየጊዜው መለካት ነው።

በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ይህ መንገድ ከታደሰና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመረቀ በኋላም መሬቱ መንቀሳቀሱን አልተወም። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ በተለምዶ ጃይካ የሚባለው፣ የሸለቆውን የመሬት መንሸራተት ለይቶ የሚያጠና ፕሮጀክት ያካሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዳንዶች ጥፋቱን በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ ያደርጋሉ። ለብቻው ከተወሰደ ይህ አያስኬድም፤ የሚንሸራተተው መሬት ክብደት ከአንድ ተሳቢ መኪና ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሆኖም ከመጠን በላይ የጫነ መኪና በቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እየያዘ ሲወርድ አስፋልቱን ይጨፈልቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ስንጥቅ ደግሞ የውኃ በር ነው። የደን መመናመንና የተደፈኑ ቱቦዎችም እንዲሁ ነገሩን ያፋጥናሉ። መነሻው ግን ድንጋዩና ውኃው ናቸው።

ባቡር በበረሃው ቢያልፍስ?

ከአፋፍ እስከ ድልድዩ በአንድ በኩል 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ። መኪናው ይህን የሚወርደው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መንገድ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ከባድ ባቡር የሚጎትት የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለውን ዳገት አይችልም፣ ይንሸራተታል። ለከባድ ባቡር የሚሠራ ዋና መስመር አብዛኛውን ጊዜ በየ100 ሜትሩ ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህ ሒሳብ ባቡሩ ወንዙ ለመድረስ 70 ኪሎ ሜትር፣ ማዶ ለመውጣት ሌላ 70 ኪሎ ሜትር መጠማዘዝ ይኖርበታል። ያም የሚሆነው በዚያው በሚንሸራተተው ግድግዳ ላይ ነው። አስፋልት መዳፍ ያህል ቢዛነፍ መኪና በዝግታ ያልፋል፤ ሐዲድ ያንን ያህል ቢዛነፍ ባቡር ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል።

በቀድሞው የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ፍኖተ ሰላምን የሚነካው መስመር በረሃውን አይሻገርም ነበር። በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ አፋር ይወርዳል። ዕቅድ አውጪዎቹ ይህን የመረጡት የጅቡቲን ወደብ በማሰብ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የሸለቆው ሒሳብም ወደዚያው ይገፋል። ስለዚህ ባቡር ለጎጃም ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ ለእህልና ለማዳበሪያ ማመላለሻ ትልቅ ነገር ይሆናል። ለደጀን በረሃ መዘጋት መልስ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘረጋውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር ግንባታው ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረው መንገደኛ ማመላለስ አለመጀመሩም መታሰብ አለበት።

ጎጃም ስንት መውጫ አለው?

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞታል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣ መንገድ ሁሉ በአንድ ቦታ ዓባይን ይሻገራል። ድልድይ መቆረጥ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሞጣ ወዲያ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ ከፈረሰ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ሆነው በሚጎትቱ ጎረምሶች እጅ ለብዙ ዓመታት ሲሻገር ኖሯል።

በብዙ ሰው ዘንድ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። «በማርቆስ ካልሆነ በሞጣ እንሄዳለን» ይባላል። የብቸናና የሞጣ መንገድ ከማርቆሱ የሚለየው ደጀን ላይ፣ በረሃውን ከተሻገረ በኋላ ነው። በረሃው ከተዘጋ ሁለቱም አብረው ይዘጋሉ።

እውነተኛዎቹ ተለዋጮች ሌሎች ናቸው። አንደኛው በነቀምት አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ላይ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው በደሴ፣ በወልድያና በደብረ ታቦር ዞሮ ባሕር ዳር የሚገባው ነው። ሦስተኛው ከመካነ ሰላም ወደ መርጡለ ማርያም የሚሻገረው የወሎ መንገድ ነው።

አሁን ያንን የያዝነውን ነጥብ እናምጣው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በማርቆስ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በነቀምት ሲዞር 730 አካባቢ ይሆናል። ሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ከባድ ቢሆንም ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ግን በቀጥታ 300 ኪሎ ሜትር የነበረው በነቀምትና በቡሬ ዞሮ ወደ 700 ይጠጋል፣ ከእጥፍ በላይ። ለደጀን ሰው 230 ኪሎ ሜትር የነበረው ከ750 በላይ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንበታል። ለበረሃው ይበልጥ የቀረበ ይበልጥ ይርቃል። የዋዮሚንጉ ባቡር የግራንድ ጃንክሽንን ሰው ጥሎት እንደሚያልፈው ሁሉ፣ የነቀምቱ ዙሪያም ባሕር ዳርን አድኖ ምሥራቅ ጎጃምን ይጥላል።

ጊዜውንም እንመልከት። የረጅም ርቀት አውቶቡስ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ከመምሸቱ በፊት ለመግባት ይሞክራል፤ በጨለማ አይጓዝም። ተጨማሪው 180 ኪሎ ሜትር በክረምት መንገድ የአምስትና የስድስት ሰዓት ልዩነት ሊያመጣ ስለሚችል የአንድ ቀኑ ጉዞ ሁለት ቀን ይሆናል። መንገደኛው ነቀምት ወይም ቡሬ ላይ አልጋ ይከራያል፣ እራት ይገዛል። ለሕክምና የሚሄድ ሰው ቀጠሮው ያልፈዋል።

ተለዋጩ መንገድ በወረቀት ላይ መኖሩም አይበቃም። የቡሬና የነቀምት መስመር በተለያዩ ጊዜያት በጸጥታ ችግር ተቋርጦ ቆይቷል፤ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም ዋናዎቹን መንገዶች ሳይቀር ደጋግሞ ዘግቷቸዋል። ዝናብና ጸጥታ በአንድ ሳምንት ከተገናኙ ጎጃም ደሴት ይሆናል።

ወጪውን የሚሸከመው ማነው?

የአውቶቡስ ታሪፍ የሚሰላው በኪሎ ሜትር ነው፤ ትኬቱ ግን የተቆረጠው ለአጭሩ መንገድ ነው። ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ባለንብረቱ ነዳጁን የጨረሰው እርሱ ነውና «ተሳፋሪ ይጨምር» ይላል። ተሳፋሪው በተዋዋለበት ዋጋ መድረስ እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ጥፋቱ የማንም ስላልሆነ፣ ዝናብ ከመጣሉ በፊት የተቀመጠ ግልጽ ደንብ ከሌለ ነገሩ መናኸሪያ ላይ በጭቅጭቅ ያልቃል፤ በጭቅጭቅ ደግሞ የሚሸነፈው ልጅ ያዘለችው ወይም ታማሚ ይዞ የቆመው ነው። ተለዋጭ መስመር በይፋ ሲታወጅ የዚያ መስመር ታሪፍም አብሮ ቢታወጅ ብዙ ክርክር ይቀራል።

እህልም እንዲሁ ነው። ጤፍና በቆሎ የጫነ መኪና ዞሮ ሲሄድ የማጓጓዣው ልዩነት አንድም አዲስ አበባ በሸማቹ ላይ ይጨመራል፣ አንድም እዚህ ለገበሬው ከሚከፈለው ላይ ይቀነሳል። ክረምት ላይ ገበሬው ለቤቱ የሚሸጠው ጥቂት ስለሆነ ለመደራደር አቅም የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀነሰው ከእርሱ ነው።

ከምን ይጀመር?

ሐሳቦቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ወገን ጉዞውን ከሚንሸራተተው ድርድር ያርቀዋል ያለውን አዲስ መንገድ፣ ዋሻ ጭምር፣ ይጠይቃል። ውጤቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለስላሳው ድርድር በሸለቆው ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ የሚሄድ ስለሆነ ዋሻውም የሆነ ቦታ ላይ ማቋረጡ አይቀርም። ሁለተኛው ወገን ያለውን መንገድ ውኃ በማስወገድ እንጠብቀው ይላል፤ ወደ ተራራው ውስጥ አግድም ጉድጓድ ቆፍሮ የተጠራቀመውን ውኃ በቱቦ ማውጣት፣ የተሰነጠቁ ቦዮችን ከሰኔ በፊት መድፈን። ሦስተኛው ተለዋጮቹን ማጠናከር ነው።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ሊቀድሙ ይገባል። ከተለዋጮቹም ውስጥ ብዙ ያልተወራለት የመርጡለ ማርያምና የመካነ ሰላም መሻገሪያ ልዩ ትኩረት ያስፈልገዋል። ወደ አዲስ አበባ ሲታሰብ ረጅምና ገደላማ ነው፤ የራሱም የመንሸራተት አደጋ አለው። ነገር ግን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ ብቸኛው ሌላ መውጫ እርሱ ነው። ለቡሬ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ የቡሬን፣ የዳንግላንና የባሕር ዳርን ሰው ይጠቅማል፤ የብቸናና የደጀን ሰው ግን የሚወጣው በሌላ በር ነው።

ዝናቡ መስከረም ላይ ቢያባራም ወደ ተራራው የገባው ውኃ ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ፀሐይ ወጥቶ፣ አደይ ፈክቶ፣ መንገዱ ደርቆ ሳለ ጥቅምት ላይ ስንጥቅ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ የተተከሉት ችካሎች የሰኔውን ያህል በኅዳርም መለካት አለባቸው፤ የተለካውም ቁጥር ከመሐንዲሱ መዝገብ ወጥቶ ደጀንና ጎሐ ጽዮን መናኸሪያ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ትኬት የሚቆርጠው ሰው እንዲያየው።